ስሙን ቀይረው

ባለፈው ሳምንት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እዚሁ ደብረ ብርሃን ሱቄ ድረስ መጥቶ ስለ ኡቡንቱ፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ስለሚጫነው ነፃ ሲስተም፣ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ኡቡንቱን በአማርኛ ኪቦርድና በትምህርት ፕሮግራሞች አስተካክዬ ለጓደኞቼ በፍላሽ ላድል ነው። ኦፕን ሶርስ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ስሙንም ሎጎውንም እንዳለ ብተወው ምን አለበት?»

ምን አለበት። እኔም ብዬው ነበር።

2001 ዓ.ም. ነው። ያኔ የኡቡንቱ ሲዲ በነፃ በፖስታ ይላክ ነበር። ፖስታ ቤት ሄጄ ስቀበል ከውጭ አገር ዘመድ ደብዳቤ የመጣልኝ ያህል ነበር የምደሰተው። ትንሽ ቆይቼ የራሴን ሠራሁ። የአማርኛ ፎንት ጨመርኩ። መጫኛው ሰውን በጥያቄ እንዳያደናግር ብዬ መልሶቹን ሁሉ አስቀድሜ ጻፍኩለት። ከመልሶቹ አንዱ «ሃርድ ዲስኩን በሙሉ ተጠቀም» የሚል ነበር። ሎጎውን አትሜ ሲዲው ላይ ለጠፍኩና በማርከር «ኡቡንቱ፣ የሰሜን ሸዋ እትም» ብዬ ጻፍኩበት። ሃያ አደልኩ።

አንዱን የወሰዱት የሒሳብ መምህር ነበሩ። በማግስቱ ጠዋት፣ ያ ብርድ ገና ሳይለቅ፣ ሲፒዩውን በጋቢያቸው ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈው መጡ። የስድስት ዓመት ፈተናና የተማሪ ውጤት የለም። ሦስት ቀን ፋይል ለማውጣት ታገልኩ። የወጣው የአንድ ሰርግ ፎቶ ነው፤ እሱም ከወገብ በታች ተቆርጦ።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ።

«ኡቡንቱ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል» አልኳቸው።

አያደርግም። ይጠይቃል። እንዳይጠይቅ አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ወሬው ግን «ኡቡንቱ ኮምፒውተር ይበላል» ተብሎ መምህራኑን ሁሉ አዳረሰ። ሁሉም ወደ ክራክ ዊንዶውሳቸው ተመለሱ። የእኔን ስም ያነሳ የለም።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ላይሰንስ፣ ማለትም የአጠቃቀም ፈቃዱ፣ እና የንግድ ምልክት ለየቅል ናቸው። ጂፒኤል የሚባለው የኦፕን ሶርስ ላይሰንስ ኮዱን ቅዳ፣ ቀይር፣ አድል ይልሃል፤ ስሙን ግን አልሰጠህም። የኡቡንቱ ባለቤት ካኖኒካል የቀየርከውን ለራስህ ብትጠቀም ግድ የለውም። በኡቡንቱ ስም ልታድለው ከሆነ ግን ወይ ታስፈቅዳለህ፣ ወይ ስሙንና ሎጎውን አውጥተህ በራስህ ትተካለህ። እንደ ኡቡንቱ ያለው ሌላው ሲስተም ፌዶራ ለቀቅ ያደርጋል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ «ፌዶራ ሪሚክስ» የሚባል ሌላ ምልክት አለው። ዴቢያን የሚባለው ሦስተኛው ሲስተም እንኳ እ.ኤ.አ. በ2006 ከሞዚላ ጋር በስምና በሎጎ ሳይስማማ ቀርቶ የሞዚላን ብሮውዘር ፋየርፎክስን «አይስዊዝል» ብሎ ማደል ጀመረ። እስከ 2016 ድረስ እንደዚያው ቆየ።

የቅንብር ፋይልህንና ስክሪፕትህን ብቻ ብታጋራ ይቀልሃል። «ለኡቡንቱ የሚሆን» በለው፤ ሰውየው ኡቡንቱን ራሱ ከባለቤቱ ያውርድ። ነገር የሚመጣው ሙሉ አይኤስኦ፣ ማለትም ሲስተሙን በሙሉ የያዘ የመጫኛ ፋይል፣ ሠርተህ በእነሱ ስም ስታድል ነው።

የዛሬ ልጆች ኮድ በሚጋራበት ድረ ገጽ በጊትሀብ ላይ ያገኛችሁት ሁሉ የአባታችሁ ርስት ይመስላችኋል። ላይሰንስ የሚያነብ ከመቶ አንድ አላየሁም። እኔስ አንብቤ ነበር? አላነበብኩም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ለሃያ ፍላሽ ብሎ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቶ የሚከስህ የለም። ቢሆንም ቀይረው። «ጣርማበር» በለው፣ «መንዝ» በለው። ሲበላሽ የሚሰደበው ያንተ ይሁን።

መምህሩ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። መንገድ ላይ ስንገናኝ «ያ ኡቡንቱህ እንዴት ነው፣ ዛሬም ይበላል?» እያሉ ይቀልዱብኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ። እስካሁን አልነገርኳቸውም።