ስለ ተፈጥሮ ጋዝ ጠይቁ፦ ከወጥ ቤት እስከ ማዳበሪያ ፋብሪካ

በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የሚያውቁኝ ሁሉ የሚጠይቁኝ ስለ ጋዝ ሆኗል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ይሻላል ብዬ ነው። የኬሚካል መሐንዲስ ነኝ፤ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በጋዝ ማቀነባበሪያ ውስጥ ነው። ጋዙ ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚያዝ ጠይቁ፤ የውሉንና የፖለቲካውን ጉዳይ ግን ለሚያውቁት እተወዋለሁ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ካሉብ ማምረት ከጀመረ የወጥ ቤት ሲሊንደር ዋጋ መቀነስ አልነበረበትም?

መልስ፦ እህቴ፣ ሲሊንደርሽ ውስጥ ያለው ሌላ ጋዝ ነው። እሱ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ ሁለቱም መጠነኛ ግፊት ሲያርፍባቸው ፈሳሽ ይሆናሉ። ሲሊንደሩን ስታነቃንቂው ውስጡ የሚንቦጫረቀው እሱ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ግን በአብዛኛው ሚቴን ነው። ሚቴን በክፍል ሙቀት ላይ ምንም ያህል ቢታመቅ ፈሳሽ አይሆንም። ፈሳሽ እንዲሆን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ መቀዝቀዝ አለበት፤ ያኔ የሚይዘው ቦታ ወደ 600ኛ እጅ ይቀንሳል። ይህን ቅዝቃዜ የሚችል ዕቃ ደግሞ ወጥ ቤት አይገባም። ስለዚህ ሚቴን ወደ መኖሪያ ቤት የሚመጣው በቧንቧ ነው።

ከጉድጓድ ሲወጣ ከሚቴኑ ጋር ፕሮፔንና ቡቴን ቀላቅሎ የሚወጣ ጋዝ አለ። ያ ተለይቶ ለብቻው ሲሞላ ለሲሊንደር ይሆናል። የሲሊንደር ዋጋን የሚመለከተው ይህ ክፍል ብቻ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ታዲያ ቧንቧው ለምን አይዘረጋልንም? ካይሮ ውስጥ በየቤቱ አለ።

መልስ፦ አለ። ግን የቧንቧ መስመር ወጪ በአብዛኛው መንገድ መቆፈርና መቅበር ነው፤ ያ ወጪ የሚመለሰው ቤቱ ብዙ ጋዝ ሲያቃጥል ነው። ቀዝቃዛ አገር ያለ ቤት ክረምቱን ሙሉ ስለሚሞቅበት ብዙ ያቃጥላል። ግብፅ ደግሞ የራሷን ጋዝ ለአሥርተ ዓመታት ስታወጣ የኖረች፣ ሕዝቧም በአባይ ዳር ተጠጋግቶ የሚኖር አገር ናት። የአዲስ አበባ ቤት የሚፈልገው ለማብሰያ ብቻ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ ለቤት ማብሰያ ገንዘቡ በኤሌክትሪክ መስመርና በትራንስፎርመር ላይ ቢውል ይሻላል የሚል እምነት አለኝ። ለእንጀራም ቢሆን ሙቀቱን በሸክላው ሥር ሁሉ እኩል የሚያዳርሰው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው።

ጥያቄ (ከኔታንያ፣ እስራኤል)፦ እኛ ጋ ከባሕር ጋዝ ከወጣ ቆየ። ለምን አሁንም ሲሊንደር እንገዛለን?

መልስ፦ ምክንያቱ ያው ነው። ባሕር ውስጥ ያሉት የጋዝ ጉድጓዶች፣ የታማር ጋዝ ከ2013፣ የሌቪያታን ደግሞ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ እየፈሰሰ ነው፤ በብዛት የሚሄደው ግን ወደ ኃይል ማመንጫዎችና ወደ ፋብሪካዎች ነው። ሲሊንደር እየገዛችሁም ቢሆን መብራት ስታበሩ በዚያ ጋዝ እየተጠቀማችሁ ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም እያለው ጋዝ ለምን ያስፈልገናል?

መልስ፦ እኔም ከሁሉ በላይ መናገር የምፈልገው ይህን ነው። የጋዝን ጥቅም ሰው የሚያስበው በእሳትነቱ ነው። ለእኛ ግን ዋናው ጥቅሙ ጥሬ ዕቃነቱ ነው፤ ከጥሬ ዕቃነቱም ቀዳሚው ማዳበሪያ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሚቴን አንድ ካርቦንና አራት ሃይድሮጅን ነው። ከ800 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት፣ ሂደቱን የሚያፋጥነው ኒኬል ባለበት ከውኃ እንፋሎት ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅኑ ይለቀቃል። ያ ሃይድሮጅን ከአየር ከሚወሰድ ናይትሮጅን ጋር በከፍተኛ ግፊት፣ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት በብረት ላይ ሲያልፍ አሞኒያ ይሆናል። ይህን ዘዴ ፍሪትዝ ሃበር በቤተ ሙከራ አገኘው፤ ካርል ቦሽ ለፋብሪካ አበቃውና በ1913 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ኦፓው ላይ ማምረት ተጀመረ። ከሚቴኑ የተረፈው ካርቦን ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፤ እሱን ከአሞኒያው ጋር ሲያዋህዱት ዩሪያ ይሆናል። ገበሬው በጆንያ ገዝቶ የሚበትነው ነጭ ፍሬ ያ ነው፤ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው።

እስካሁን ዩሪያን የምናመጣው ከውጭ፣ በጅቡቲ በኩል ነው። ከአንዱ አገር ዋጋ ሲንር ወይም መርከብ ሲዘገይ የሚጎዳው የዘር ወቅት ያለፈበት ገበሬ ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዳንጎቴ ከተባለው የናይጄሪያ ኩባንያ ጋር ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ፈርማለች። ያው ኩባንያ ናይጄሪያ ሌኪ ላይ ተመሳሳይ አቅም ያለው ፋብሪካ በተፈጥሮ ጋዝ ያንቀሳቅሳል። ከውኃ ኃይልም ሃይድሮጅን ማውጣት ይቻላል፤ ግን በዋጋ ከጋዝ ጋር ገና አልተስተካከለም። ካሉብ ያለው ጋዝ ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለወጥ ወደ ማሳ ቢገባ እመርጣለሁ።

ጥያቄ (የዚያው ጠያቂ)፦ አሁን የሚመረተው ለዚያ ፋብሪካ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ስሌቱን አብረን እንሥራው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ነው ተብሏል። በ600 ስናባዛውና 1,000 ሊትሩን አንድ ሜትር ኩብ ብለን ስንለውጠው ወደ 67 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ጋዝ ይሆናል። አንድ ቶን ዩሪያ ከ600 እስከ 700 ሜትር ኩብ ጋዝ ይፈልጋል፤ 3 ሚሊዮን ቶን ሲሆን ወደ 2 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋል። የአሁኑ ምርት ከዚያ ሠላሳኛ እጅ ያህል ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ በታሰበው 1.33 ቢሊዮን ሊትር ቢደርስ እንኳ 800 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ብዙ ጉድጓዶችና ጋዙን ሳያቀዘቅዝ በቀጥታ የሚያደርስ የራሱ ቧንቧ ያስፈልገዋል። ዜና ላይ ትልቅ ቁጥር ስትሰሙ ሊትር ነው ወይስ ሜትር ኩብ፣ ፈሳሽ ነው ወይስ ጋዝ ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ ቤቴን ሳድስ ያወጣሁትን የጋዝ ምድጃ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ በኮንቴይነር ልልክ ነው። በሲሊንደር ይሠራል?

መልስ፦ እንዳለ ከሆነ አትላከው። አሜሪካ የሚሠራው በአብዛኛው በቧንቧ ሚቴን ነው። ፕሮፔን በእኩል መጠን ከሚቴን ሁለት ዕጥፍ ተኩል ያህል ሙቀት አለው፤ ከሲሊንደር የሚመጣበት ግፊትም ይበልጣል። ስለዚህ የሲሊንደር ምድጃ ኖዝል፣ ማለትም ጋዙ የሚወጣበት አፍ፣ ቀዳዳው ጠባብ ነው። ለሚቴን በተሠራ ሰፊ ቀዳዳ ፕሮፔን ሲገባ ነበልባሉ ረዥምና ቢጫ ይሆናል፣ ድስቱን ጥላሸት ያለብሳል፤ ከሁሉም የሚከፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ የማይታይ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። እናትህ የምታየው ጥላሸቱን ብቻ ነው።

ብዙ ምድጃዎች መለወጫ ኖዝሎች አብረዋቸው ይሸጣሉ፤ ከኋላ ወይም ከመሳቢያው ሥር ታስረው የሚቀመጡም አሉ። የምድጃውን ሞዴል ቁጥር ይዘህ አምራቹን ጠይቅ። ኖዝሎቹና የውስጡ ሬጉሌተር (የግፊት መቆጣጠሪያ) እዚያው በባለሙያ ይቀየሩ። ማቀጣጠያውና የኦቨኑ መብራት የተሠሩት ለ120 ቮልት ነው፤ አገር ቤት 220 ነው። ይህን ሁሉ ስታሰላው እዚያው አዲስ ምድጃ መግዛት የሚረክስ ይመስለኛል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ጋዝ ሲሸት መጀመሪያ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ክብሪት አትጫሪ፣ መብራት አታብሪም አታጥፊም፤ ማብሪያ ማጥፊያው ራሱ ብልጭታ አለው። የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጊ፣ በርና መስኮት ክፈቺ፣ ሰው ሁሉ ይውጣ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ መስኮት ብቻ ከፍቶ መሄድ አይበቃም፣ በሩ ከሥሩ ድረስ ክፍት ይሁን። የቧንቧው ሚቴን ግን ከአየር ስለሚቀል ወደ ጣሪያ ይወጣል። የት እንደሚያፈስ የሚፈለገው ሽታው ከጠፋ በኋላ ነው፤ ቱቦውና መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቢ፣ አረፋው የሚፈላበት ቦታ የሚያፈሰው እሱ ነው።

ሽታው ራሱ የጋዙ አይደለም። መጋቢት 1937 (እ.ኤ.አ.) ቴክሳስ ኒው ለንደን በምትባል ቦታ አንድ ትምህርት ቤት ሥር የተጠራቀመ ሽታ የሌለው ጋዝ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ሽታ ያለው ኬሚካል መቀላቀል ሕግ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ሽታውን ችላ የሚል ሰው ባየሁ ቁጥር እነዚያ ልጆች ትዝ ይሉኛል።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ የተከራየሁት ቤዝመንት ውስጥ የቤቱ ቦይለርና ማሞቂያ አለ። ልፈራ?

መልስ፦ አትፍራ፣ ግን ተዘጋጅ። አልጋህ አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይኑር፤ ከሌለ ባለቤቱን ጠይቅ፣ ካልሰማ ራስህ ግዛ። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። አገር ቤት ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ይኸው ነው። የቦይለሩ ጭስ ማውጫ ከተላቀቀ ወይም ከተደፈነ አንተ ላይ ይመለሳል። ቤቱ ሲበርድ ኦቨን ከፍቶ መሞቅ በፍጹም አይደረግ።

ሰፈርህ ያየውን ታስታውስ ይሆናል። ነሐሴ 2016 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አፓርታማ ፈንድቶ 7 ሰዎች ሞተዋል። የፌዴራል መርማሪዎች ያገኙት ቆጣሪ ክፍሉ ውስጥ የነበረ የግፊት መቆጣጠሪያ ማስተንፈሻ ቧንቧው ሳይያያዝ መቅረቱን ነው። ሽታ ከሸተተህ ውጣና ከውጭ ሆነህ 911 ደውል። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብለህ አትተው፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላለህ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን፣ የፋብሪካ ባለቤት)፦ በናፍጣ ነው የምንሠራው። ወደ ጋዝ መዞር ያዋጣናል?

መልስ፦ እንደሚያመርቱት ዕቃ ይለያያል። ብርጭቆና ሴራሚክ ከሆነ፣ አዎ። የጋዝ ነበልባል አመድ የለውም፤ ምርቱ ላይ ነጠብጣብ አይጥልም፣ ሙቀቱም በዲግሪ ይስተካከላል። የዳቦ ፋብሪካም ያገኝበታል። ሲሚንቶ ግን ቢቆይ ይችላል፤ 1,450 ዲግሪ የሚደርሰው ምድጃ የድንጋይ ከሰሉን አመድ ተፈጭቶ ሲሚንቶ ከሚሆነው ክሊንከር ጋር አዋህዶ ይበላዋል፣ ስለዚህ የጋዙ ንጽሕና ለሲሚንቶ ያን ያህል ዋጋ የለውም። ጋዙ ውድ በሆነበት ጊዜ መጀመሪያ መድረስ ያለበት ንጽሕናው ለሚጠቅመው ነው።

እርስዎ ጋ የሚደርሰው ድርብ ግድግዳ ባለው ቦቴ፣ በፈሳሽነቱ ነው። ግቢዎ ውስጥ ታንከርና ወደ ጋዝ የሚመልሰው መሣሪያ ይተከላል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ፈሳሹ ታንከር ውስጥ ሆኖም ቀስ በቀስ ይተናል። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለሚሠራ ፋብሪካ ኪሳራ ነው፤ ሌት ተቀን ለሚሠራ ግን ችግር የለውም። ዋጋ ሲያነጻጽሩ ደግሞ የአንድ ሊትር ናፍጣን ሥራ የሚሠራው 1.6 ሊትር ያህል ፈሳሽ ጋዝ ስለሆነ ሊትር በሊትር አያወዳድሩ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ መኪናዬን በጋዝ ማስነዳት እችላለሁ?

መልስ፦ በቴክኒኩ ይቻላል፤ ካይሮና ዳሬሰላም ውስጥ በታመቀ ጋዝ የሚሄዱ ታክሲዎች አሉ። ግን የታመቀ ሚቴን የሚሞላው በ200 ባር ግፊት ነው። የወጥ ቤት ሲሊንደር በተለመደው ሙቀት የሚይዘው ከ10 ባር ብዙም አይዘልም። ሲሊንደር በይጄ መኪና ላይ እገጥማለሁ የሚል መካኒክ ካገኘህ መኪናህን ይዘህ ውጣ፤ ቦምብ ነው የሚጭንብህ። ጋዝ በመንገድ ላይ የሚያዋጣው ለረዥም ርቀት ከባድ መኪና ነው። ለከተማ ታክሲ ኤሌክትሪክ ይሻላል።

ጥያቄ (ከዶሃ)፦ የምንጠጣው ውኃም በጋዝ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። የባሕሩን ውኃ የሚያጣራው ኃይል የሚመነጨው ከጋዝ ነው፤ በብዙ ጣቢያዎች ተርባይኑን ካዞረው እንፋሎት የተረፈው ሙቀት ጨውን ለመለየት ይውላል። የአሉሚኒየም ፋብሪካውም በዚያው ይሠራል። ከጋዙ ጋር የሚወጣው ኤቴን ደግሞ ፕላስቲክ ይሆናል፤ ጀሪካንና ፌስታል የሚሠሩበት ማለት ነው።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ «ንጹሕ ኃይል» ይሉታል። ነው?

መልስ፦ ከድንጋይ ከሰል አንጻር፣ ኤሌክትሪክ ሲመነጭበት የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግማሽ ያህል ነው፤ ጥላሸቱም እጅግ ያንሳል። ችግሩ ሳይቃጠል ሲያመልጥ ነው። ሚቴን በ20 ዓመት ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 ዕጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። በቫልቭና በቧንቧ ጥቂት በመቶ ካመለጠ ከከሰል ያገኘነው ብልጫ ይጠፋል። ስለዚህ ካሉብ ላይ ማፍሰስ ከመጀመሪያው ቀን እንዲለካ አጥብቄ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ (ከሰላሌ)፦ አራት ላሞች አሉን። ባዮጋዝስ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ ያው ሚቴን ነው፤ ከግማሽ በላዩ ሚቴን፣ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ላሞቹ በረት የሚውሉ ከሆነ በቀን 40 ኪሎ ያህል እበት ከእኩል ውኃ ጋር ይገባል፤ ለሦስት ሰዓት ያህል ማብሰያ ይሰጣችኋል። ለወጥና ለቡና ይበቃል፣ ለእንጀራ ምጣድ ግን ነበልባሉ ደካማ ነው። ሰላሌ ብርድ ስለሆነ በክረምት ምርቱ ይቀንሳል፤ ጉድጓዱን ፀሐይ በሚያገኝበት በኩል ቆፍሩት፣ ከላዩም አፈር አልብሱት። የሚወጣው ዝቃጭ ለማሳ ይሁን፤ ናይትሮጅኑ እዚያው ውስጥ ስላለ የምትገዙትን ዩሪያ ይቀንስላችኋል።