ስለ ቪአርና ስለ ኮንሶል ጠይቁኝ፣ እንቅልፍ እስኪጥለኝ አለሁ

መነጽሩ፦ ሰላም ቤተሰብ። ቪአር፣ ማለትም ዓይን ላይ አጥልቀው ጌሙ ውስጥ የሚገቡበት መነጽር፣ በቤት ኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ባለ ቲቪ ላይ የሚሰካ የጌም ማሽን) ላይ ተስፋ አለው ወይ እያላችሁ በውስጥ መስመር ጨርሳችሁኝ ነበር፣ እዚሁ እንጨርሰው። የመጀመሪያው ፒኤስ ቪአር፣ የሶኒ ፕሌይስቴሽን (ፒኤስ) መነጽር፣ በፈረንጆቹ 2016 ከወጣ ጀምሮ መነጽር ስፈታና ስገጥም ነው የኖርኩት። ከጥያቄው በፊት አንድ ነገር፦ መነጽራችሁን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አታስቀምጡ። ሌንሱ ጨረሩን ሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥለዋል።

ቢኒ ፒያሳ፦ አለቃ፣ ሞቷል ወይስ አልሞተም? በአንድ ቃል።

መነጽሩ፦ በአንድ ቃል ከፈለግክ ሎተሪ ቁረጥ።

ሶል ዲሲ፦ ፒኤስ ቪአር 2 ግን ለምን አልያዘለትም? እኔ በወጣበት ሳምንት ነው የገዛሁት፣ አሁን አቧራ ለብሷል።

መነጽሩ፦ ይሄ ጥያቄ ነው። በፌብሩዋሪ 2023 ሲወጣ 550 ዶላር ነበር። የሚሰካበት ፒኤስ 5 ደግሞ 500። ቀንበሩ ከበሬው ሲወደድ ማን ይገዛል? በዚያ ላይ የድሮው መነጽር ጌሞች አዲሱ ላይ አይሠሩም፤ ስንት ዓመት ያጠራቀምነው በአንድ ቀን ዜሮ ሆነ። የመጀመሪያው መነጽር በ2019 መጨረሻ ከ5 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ ነበር። ብዙ ይመስላል፣ ግን ያኔ ፒኤስ 4 ከ100 ሚሊዮን አልፏል። ከሃያ ቤት አንዱ ማለት ነው። ጌም ሠሪው «ገዢ ይምጣ» ይላል፣ ገዢው «ጌም ይምጣ» ይላል፣ ሁለቱም እየተያዩ ቀሩ። መሀል ገብቶ መገላገል የነበረበት ሶኒ ነው። እሱ ግን ብዙ የቪአር ሥራ የሠራውን የለንደን ስቱዲዮውን በ2024 ዘጋ። የሶኒን ጌም አስትሮ ቦትን አስታውሱ፤ በ2018 ሰው ለእሱ ብሎ መነጽር ይገዛ ነበር። በ2024 ያለ መነጽር መጣና የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ። መነጽሩ ባለቤቱ ትቶት የሄደ ዕቃ ነው። ዋጋውን በ2025 ወደ 400 ዶላር አወረዱት፣ ግን ያለ ጌም ርካሹም ውድ ነው።

ኤክስቦክስ ዘላለም፦ ማይክሮሶፍት ሲገባበት ታያላችሁ።

መነጽሩ፦ በ2016 እንደዚያ ብለው ነበር። በ2017 ኮንሶላቸው ኤክስቦክስ ዋን ኤክስ ያለ ቪአር ወጣ። ቀጣይ።

ሃና፦ የ8 ዓመት ልጄ ይሞክረው?

መነጽሩ፦ አይሆንም እህቴ። ሶኒ ራሱ ከ12 ዓመት በታች አይፈቅድም።

ናቲ፦ ፊፋ በቪአር ቢመጣ እኮ ሁሉም ይገዛ ነበር!

ቢኒ ፒያሳ፦ ፊፋ የሚባል የለም፣ የጌሙ ስም ኤፍሲ ሆኗል።

ናቲ፦ ለእኛ ፊፋ ነው። አንተ ፔፕሲም ጠጥተህ ኮካ ነው የምትለው።

መነጽሩ፦ ኳሱን ሜዳ ላይ ተዉት።

ማሜ፦ ሰፈር ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። አንድ መነጽር ከዱባይ ባስመጣ ያዋጣኛል?

መነጽሩ፦ አያዋጣህም። ቤትህን የሚሞላው ሁለቱ ሲጫወቱ ከኋላ ቆሞ የሚጮኸው ሰው ነው። ቪአር አንዱን አፍኖ ስድስቱን ያስተኛል። ምስሉ ቲቪው ላይ ይታያል፣ ግን የሌላ ሰው ጭንቅላት ሲወዛወዝ ማየት ማንን ያስጮኻል? የላቡን ነገር አላነሳሁም።

ሊዲያ፦ እኔን ያዞረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። እለምደዋለሁ?

መነጽሩ፦ ዓይንሽ «እየሄድን ነው» ይላል፣ ጆሮሽ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ «ኧረ ተቀምጠናል» ይላል። ሲጣሉ ሆድሽ ይከፍላል። በመጀመሪያ ቀናት ከአሥር ደቂቃ አትለፊ፣ ግንባርሽ ማላብ ሲጀምር አውልቂው። «ልቻለው» ብሎ መታገል ያባብሰዋል። ጌሙንም ምረጪ፤ በእግር የሚያስሮጥ ከሆነ ይቅርብሽ፣ መኪና ውስጥ የሚያስቀምጥ ከሆነ ብዙ ሰው ይችለዋል።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ሐሳብ ያለው። ግራን ቱሪስሞ 7 የሚባለውን የመኪና ውድድር ጌም ለአጎቴ አስሞከርኩት። ጡረታ የወጣ የሚኒባስ ሹፌር ነው፣ ጌም የሚባል ነክቶ አያውቅም። ጆይስቲክ አስያዝኩት፣ መነጽሩን አጠለቅኩለት። መጀመሪያ ያደረገው አንገቱን አዙሮ ጎኑን በስፖኪዮ ማየት ነው። ከዚያ ቀኝ እጁ ጆይስቲኩን ለቆ አየር ላይ ማርሽ ሲፈልግ ቀረ። «ፍሬቻው የታለ?» አለኝ። ምንም አላዞረውም፤ ሰውነቱ ተቀምጧል፣ ጌሙም አስቀምጦታል። ቪአር በኮንሶል ላይ የሚቀር ቦታ ካለው የሹፌር ወንበር ነው። ሌላው ሁሉ ገመድ እየጎተቱ ሳሎን ውስጥ መደናበር ነው።

ሶል ዲሲ፦ ለመደናበሩስ የሜታ (የፌስቡክ ባለቤት) መነጽር ክዌስት አለ፣ ገመድ የለው ኮንሶል የለው።

ኤክስቦክስ ዘላለም፦ ክዌስት ግንባር ላይ የታሰረ ስልክ ነው።

ሶል ዲሲ፦ ርካሹ ስልክ በ2024 ሲወጣ 300 ዶላር ነበር፣ ያንተ ኤክስቦክስ ስንት ነው?

መነጽሩ፦ ሶል ልክ ነው፣ ስልክ መሆኑም ልክ ነው። ክዌስት ራሱ ኮንሶል ነው፣ ስለዚህ የማንንም ጥገኛ አይደለም። ሶኒም ገብቶታል መሰለኝ፣ በ2024 ፒኤስ ቪአር 2ን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ አዳፕተር ሸጠ። ቤቱ ውስጥ የሚበላ ያጣ ልጅ ጎረቤት ይላካል።

ዮኒ፦ የቱን ልግዛ?

መነጽሩ፦ ዮኒ፣ በስንት ብር? ለምን ጌም? ፒኤስ 5 አለህ?

ዮኒ፦ ዝም ብለህ ጥሩውን።

መነጽሩ፦ ጥሩው ያልገዛኸው ነው።

ቤቲ፦ ሞቷል ወይስ አልሞተም?

መነጽሩ፦ ከላይ አንብቢ።

ናቲ፦ አለቃ፣ የእኔ ስክሪን መሀል ላይ ትንሽ ነጥብ አለች፣ ብጠርግ ብጠርግ አልለቅ አለችኝ።

መነጽሩ፦ ናቲ። የት ነው የምታስቀምጠው?

ናቲ፦ መስኮቱ ላይ፣ እንዳይረገጥ ብዬ።

መነጽሩ፦ ደህና እደሩ።