ሮም ላይ አንድ ቀን ከእማማ ጋር

እህቴ፣ «ከእናቴ ጋር ሮም ላይ አንድ ሙሉ ቀን አለን፤ የቫቲካን ሙዚየምና ኮሎሲየም በአንድ ቀን ይደርሳሉ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ይደርሳሉ፤ ግን ቀኑ በወረፋ ያልቃል። የእማማም ጉልበት አለ። እኔ ብሆን ሙዚየሙን እተወዋለሁ።

እዚሁ ስለምኖር እንግዳ ሲመጣብኝ የማዞረው እንዲህ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ድረሱ። መግቢያው ነፃ ነው፤ ረፋድ ላይ ግን የፍተሻው ሰልፍ አያድርስ ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ እማማ ነጠላቸውን ከያዙ አለቀ። ረቡዕ ጠዋት ከሆነ ግን ጳጳሱ ሕዝብ የሚቀበሉበት ስለሆነ ሌላ ቦታ ጀምሩ። ከባዚሊካው ጀርባ፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 ማሳተም የጀመሩት እዚያ ሲኖሩ ነው። እንደ ልብ አያስገቡም፤ ግን ለእማማ ንገሪያቸው።

ከዚያ ወንዙን ተሻግራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ጥንታዊው የሮማውያን ቤተ መቅደስ፣ ፓንቴዮን። ወደ 1,900 ዓመት የሚጠጋው ጉልላት ብረት የሌለው ኮንክሪት ነው፤ አናቱ ክፍት ስለሆነ ዝናብ ይገባል፣ ወለሉ ላይ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች አሉት። ቡና ቆማችሁ ጠጡ፤ ከተቀመጣችሁ ሒሳቡ ይለያል። ውሃ አትግዙ፣ የመንገድ ቧንቧዎቹ ንጹሕ ናቸው። ትሬቪ ፏፏቴ ቅርብ ነው፤ ፎቶ አንሱና እለፉ።

ወደ ማታ ኮሎሲየምን ከውጭ እዩት። ውስጥ ካልገባሁ ካልሽ ቲኬቱን ቀድመሽ ግዢ፤ ስም ስለሚጻፍበት ፓስፖርት አይረሳ። እኔ ግን እዚያ የሚጠፋውን ሰዓት ለፖርታ ካፔና አደባባይ ብሰጠው እመርጣለሁ። በእግር ትንሽ መንገድ ነው፣ ቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ አጠገብ። በ1929 ዓ.ም. ተዘርፎ የመጣው፣ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ለአስርት ዓመታት የቆመው እዚያ ነበር። ፊት ለፊቱ ያለው የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ሕንፃ መጀመሪያ የታቀደው ለጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ነው። አስጎብኚዎች ብዙም አያቆሙበትም። የኛ ሰው ግን ሮም ገብቶ እንዴት ያልፈዋል?

ስትመለሱ ደግሞ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለውን ሰፊ አደባባይ ልብ በይ። «የአምስቱ መቶ አደባባይ» ይሉታል፤ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር ለደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ብቻ እያየሽ ቦርሳሽን ከፊት ያዢ፤ እዚያ ሌባ አይጠፋም።

ሆቴላችሁ የት ሰፈር እንደሆነ ጻፊልኝና አውቶቡሱን እነግርሻለሁ።