«ጓደኞቼ ኃላፊ ሆኑ፤ እኔ ቀበሌ ቀረሁ»፦ ከግብርና ምሩቃን ለደረሱኝ ጥያቄዎች

የምረቃ ወቅት ሲቃረብ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች መልካቸው ይለወጣል። ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የሚጠይቁት ይቀንሱና ስለ ራሳቸው ዕጣ የሚጠይቁት ይበዛሉ። እኔም የእርሻ ኮሌጅ ምሩቅ ነኝና እነዚህን ደብዳቤዎች አንብቤ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ዛሬ አራቱን መርጫለሁ።

ጋሼ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ግብርናን ወድጄ አልመረጥሁትም፤ ተመድቤ ነው። ዘመዶቼ «ተምረህ ተመልሰህ ልታርስ ነው?» ይሉኛል። ከዚህ ትምህርት ተነሥቶ ትልቅ ደረጃ የደረሰ ሰው አለ?

አለ፤ ያውም ከጎረቤትህ። ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄድ ፍኖተ ሰላምን ታልፋለህ። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ የዚያች ከተማ ልጅ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ አሜሪካ ውስጥ በዕፅዋት በሽታ ሳይንስ ዶክትሬታቸውን ይዘው፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ለረጅም ዓመታት በመኖ ሣር ላይ ተመራምረው ወደ አፍሪካ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2013 ናይሮቢ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔ፣ ዋና ዳይሬክተር ሆኑ፤ ማዕከሉን በዚህ ኃላፊነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በዓመቱ ደግሞ ሎሪያልና ዩኔስኮ ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጡትን ሽልማት ተቀበሉ።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታን ደግሞ ልጨምርልህ። በወሎንኮሚ ከድኻ ቤት ተወልደው፣ እሑድ እሑድ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው እየተጓዙ ሳምንቱን ተምረው ዓርብ ወደ እናታቸው ይመለሱ ነበር። ከጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ወደ ዓለማያ ኮሌጅ አልፈው እ.ኤ.አ. በ1973 ተመረቁ። አቀንጭራን ታውቃለህ፤ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ሰብሉን የሚመጠምጥ ጥገኛ አረም ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ይነቃል። ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቻቸው ይህን ምልክት አጥንተው፣ ኬሚካሉን በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጩ፣ አረሙን የማይቀሰቅሱ የማሽላ ዝርያዎችን አዳቀሉ። ከዚያ በፊትም ድርቅ የሚቋቋመው ድቅል ማሽላቸው እ.ኤ.አ. በ1983 ሱዳን ውስጥ ለገበሬ ተለቅቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ።

ሁለቱም ዕድሜያቸውን የሰጡት ገበሬ ቤት ለሚታወቅ ችግር ነው፤ አንዱ ማሽላ ለሚያመነምን አረም፣ ሌላዋ ከብት ለሚበላው ሣር። አንተም ከልጅነትህ ጀምሮ ያየኸው፣ አባትህን ወይም አያትህን ያስመረረ ችግር ይኖራል። ስሙን ጻፍና መምህርህ ዘንድ ይዘኸው ሂድ። ዘመዶችህ ልታርስ ነው ወይ ሲሉህ ደግሞ አንገትህን አትድፋ። ያሳደገህ እርሻ ነው።

በፎገራ ወረዳ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ከሆንሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አብረውኝ የተመረቁት የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ የፕሮጀክት አስተባባሪ ሆነዋል። ባሕር ዳር ላይ ልንገናኝ ጠርተውኛል፤ መሄድ አፈርሁ።

እህቴ፣ ሂጂ። እባክሽ ሂጂ።

የቆምሽበትን ሜዳ ታሪክ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ልንገርሽ። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ክረምት ሲሞሉ ፎገራ ላይ ይተኛሉ፤ ውኃ ያዘለው መሬት ለጤፍ አይመችም ነበር። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ከገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሩዝ ሞከሩ። ባለሙያዎቹ ሄዱ፤ ሩዙ ግን ቀረ። ዛሬ ወረታ ላይ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ በየቤቱም ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይጋገራል። ያን ዘር ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ያሻገረው፣ ችግኙን ከአረሙ ለይቶ ያሳየው፣ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ከገበሬው ጋር የተከራከረው ማን ነው? ገበሬው ራሱና እንዳንቺ ያለ ባለሙያ። ስማችሁ በየትም አልተጻፈም፤ ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ሥራ የጀመርሁ ሰሞን አንድ አዛውንት ምክሬን ጸጥ ብለው ሰምተው «አሁን የምትለኝን በሚመጣው ዓመትም መጥተህ ትለዋለህ?» ብለው ጠየቁኝ። የገባኝ ቆይቶ ነው። ባለሙያ በየዓመቱ ይቀያየርባቸው ነበር፤ የሚመጣው ሁሉ የፊተኛውን ምክር ይሽራል፣ ኪሳራው የእርሳቸው ነው። አንቺ ዘጠኝ ጊዜ ተመልሰሽ መጥተሻል። ማን መቼ ዘርቶ ምን እንዳገኘ፣ የትኛው ማሳ ውኃ እንደሚተኛበት በቃልሽ ታውቂዋለሽ። ይህን የሚያህል እውቀት ቢሮ ተቀምጦ አይገኝም።

ባለሽበት ረክተሽ ኑሪ ማለቴ ግን አይደለም። ደመወዝሽና የደረጃ ዕድገትሽ መብትሽ ነው፤ ጠይቂ። የክረምት የዲግሪ ትምህርት ካገኘሽም አትለፊው። ወደ ግብዣው ስትሄጂ ማስታወሻ ደብተርሽን ያዢ። ኃላፊ ለሆኑት ጓደኞችሽ የዘጠኝ ዓመቱን የማሳ መዝገብ አሳይተሽ፣ ዘር ዘግይቶ የደረሰባቸውን ዓመታት በጣትሽ ጠቁሚላቸው። ሊሰሙት የሚገባ ነገር ይዘሽ ነው የምትሄጂው።

የተመረቅንበትን 20ኛ ዓመት ልናከብር ነው። ዋንጫና ካባ ለማን እንስጥ? ኮሚቴው በሹመት ደረጃ ይሁን ብሏል።

በሹመት አታድርጉት። አዴት የምርምር ማዕከል ያወጣቸውን ጓሳና ዘንገና የተባሉትን የድንች ዝርያዎች አስቡ። አንዱ የደጋ፣ ሌላው የሐይቅ ስም ነው፤ ያዳቀሏቸውን ሰዎች ስም የሚያውቅ ገበሬ የለም። ቁንጮ ጤፍም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ወላጁ በምርታማነቱ፣ ሌላው በንጣቱ የታወቁ ዝርያዎች ተዳቅለው፣ ብዙ ሰው ደክሞበት እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቀቀ። እናንተም ካባውን ለቡድን ስጡ። እጩዎቹንም ገበሬዎች ይጠቁሙ፤ ከሦስት ቀበሌ ሦስት ሰው መጥቶ ቢመሰክር ይበቃል። ለሟች ጓደኞቻችሁ ቤተሰቦችም የፊት ወንበር አስቀምጡ።

በ29 ዓመቴ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኛለሁ። የማዛቸው ባለሙያዎች በዕድሜ አባቶቼ ናቸው። እንዴት ልምራቸው?

አንቱ በላቸው፤ ከዚያ አብረሃቸው ማሳ ውረድ። ወረዳህ በአዊና በምዕራብ ጎጃም ደጋ እንዳለው ዓይነት አሲዳማ አፈር ያለበት ከሆነ፣ ማዳበሪያ ተጨምሮ ሰብሉ ለምን እንደሚቀጭጭ ነባሩ ባለሙያ በገበሬው ፊት ያስረዳ፤ አንተ ስማ። አሲዱ ፎስፈረሱን ያስረዋል፣ አሉሚኒየሙም ሥሩን ይመርዛል፤ አሲዱን የሚቀንሰው ኖራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ይህን እነርሱ ከአንተ በፊት ሲያስተምሩ ኖረዋል።

የአንተ ሥራ ሌላ ነው። ኖራው ከዘር አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ከአፈር ጋር መደባለቅ አለበት፤ ከዘገየ ገበሬው የከፈለበትን ጥቅም በዚያ ዓመት አያገኝም። መኪናውን፣ ነዳጁን፣ የጫኝ ክፍያውን አስቀድመህ ጨርስ። ነገ ጠዋት ደግሞ የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሆነ ጠይቅ።