ስለ ሃነማንና ስለ ሲንኮናው ቅርፊት፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ ስለ ሳሙኤል ሃነማን ጠይቁኝ፤ ሆሚዮፓቲን፣ ማለትም «የሚመሳሰል የሚመሳሰለውን ያድናል» ብሎ መድኃኒትን እጅግ አቅጥኖ የሚሰጠውን ሕክምና፣ ስለጀመረው ጀርመናዊ ሐኪም፣ ከ1755 እስከ 1843 ስለኖረው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ፋርማሲ አስተማሪ ነበርኩ፣ ሐኪማችሁ አይደለሁም። ደግሞ ከወዲሁ ልናገር፦ ሆሚዮፓቲና የዕፅዋት ሕክምና አንድ አይደሉም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ዕፅዋትን በራሱ ላይ ወደ መሞከር ምን አስገባው?

መልስ፦ ይሄን ነበር የምጠብቀው። በ1790 ኑሮውን የሚገፋው በትርጉም ነበር። የስኮትላንዳዊውን የዊልያም ከለንን የመድኃኒት መጽሐፍ ሲተረጉም፣ ሲንኮና የሚባለው ዛፍ ቅርፊት ወባን የሚያድነው በምሬቱ ጨጓራን ስለሚያጠነክር ነው የሚል ያገኛል። አልተዋጠለትም። ከሲንኮና የባሰ የሚመር ሞልቶ ወባን መች አዳነ? ስለዚህ ምንም ሳያመው ቅርፊቱን ወሰደ፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በአንዴ አራት ድራም፣ 15 ግራም ገደማ። እግሩና የጣቶቹ ጫፍ ቀዘቀዙ፣ እንቅልፍ ተጫጫነው፣ ልቡ ደለቀ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ውኃ ጠማው። ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይለቀዋል፤ ደግሞ ሲወስድ ይመለስበታል። ይህን ሁሉ ያሰፈረው በሰው መጽሐፍ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ነው! «ጤነኛውን እንዲህ የሚያሳምም፣ ይህን የሚመስለውን በሽታ ያድናል» የሚለው ሐሳቡ የበቀለው ከዚያ ነው፤ በ1796 አሳተመው።

እኛ ማንኛውንም እንክብል «ኪኒን» የምንለው እኮ ከዚሁ ቅርፊት በ1820 ተለይቶ በወጣው መድኃኒት ስም ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ልክ ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ አልነበረም። ኪኒን ወባን የሚያድነው ተውሳኩን ስለሚገድል ነው። ተውሳኩ ደግሞ በ1880 ነው የታየው።

ጥያቄ፦ ሆሚዮፓቲ ይሠራል?

መልስ፦ ለምኑ? የትኛው መድኃኒት? ጥያቄህን አስተካክለህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ አያቴ ጥርሷን ሲያማት የዕፀ ፋሪስ ፍሬ ጢስ ትታጠን ነበር። ሃነማን ያውቀዋል?

መልስ፦ አሳምሮ። የመድኃኒት መጽሐፉ ውስጥ ስትራሞኒየም ብሎ አስገብቶታል። የእርጥብ ተክል ጭማቂ ከእኩል አልኮል ጋር ቀላቅሎ ያሳድራል፣ ከላይ የጠለለውን ይወስዳል። መድኃኒቱን ጤነኛ ሆነው የሚሞክሩለት ሰዎች ቡና፣ ሻይ፣ ወይን፣ ቅመም አይነኩም፤ የተሰማቸውን ሁሉ ይጽፋሉ። እናንተ ግን እንዳትቀምሱት! ያስቃዣል፣ ይገድላልም።

— «አጤ ፋሪስ» ነው እንጂ።
— ኧረ ወንድሜ፣ ዕፀ ነው፤ ዕፅ፣ ተክል። ንጉሥ አደረግከው እኮ።
— እኛ አገር አስተናግር ነው የሚባል። የቀመሰው ብቻውን ያወራል።
— እና አያቱ ስታወራ ነበር?

መልስ፦ በፊደሉ ሌላ ማታ ትጣላላችሁ።

ጥያቄ፦ ኮሶስ ሆሚዮፓቲ ነው?

መልስ፦ አይደለም አልኩ! ኮሶ በጣሳ ተጠጥቶ ትሉን ያስወጣል። ሆሚዮፓቲ ግን አንድ ጠብታ በ99 ጠብታ አልኮል፣ ከዚያም አንዷን እንደገና በ99፣ እንዲህ እያለ እስከ 30 ጊዜ። 12ኛው ላይ ስትደርስ ከተክሉ አንዲት ሞለኪዩል ማግኘትህም ያጠራጥራል።

ጥያቄ፦ የዕፅዋት ስለሆነ ጉዳት የለውም አይደል?

መልስ፦ ከላይ ስለ ዕፀ ፋሪስ ምን አልኩ?

ጥያቄ፦ ትዳር ነበረው?

መልስ፦ ሁለት ጊዜ። ከመጀመሪያዋ 11 ልጆች ወለደ፤ በ1835 ሜላኒ የምትባል ፈረንሳዊት አገባና ፓሪስ ገባ።

ጥያቄ፦ ለጨጓራዬ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሐኪም ቤት።

ጥያቄ፦ ሃነማን ይሠራባት በነበረችው የጀርመን ከተማ በላይፕዚግ፣ መድኃኒት ቀማሚዎች ለምን ጠሉት?

መልስ፦ መድኃኒቱን ራሱ እየቀመመ ለበሽተኞቹ ይሰጥ ነበራ! መቀመም የእነሱ መብት ነው፤ ከሰሱት። በዚያ ላይ ድብልቅ አይወድም፣ አንድ መድኃኒት ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ። እነሱ ደግሞ የሚኖሩት በድብልቅ ብዛት ነው። በ1821 ከተን የምትባል ትንሽ የጀርመን ግዛት መስፍን ራስህ ቀምም ብሎ ፈቀደለት፣ ወደዚያው ሄደ። እውነቱን ልናገር? የዚያን ጊዜ ላይፕዚግ ሱቅ ቢኖረኝ እኔም እከሰው ነበር።