አጃቢዋ ሰማችህ ወይስ አየችህ? የሰርጓጅ መርከብ ጨዋታ ፍተሻ፦ ጥያቄና መልስ

በሳይለንት ሃንተር 3፣ ማለትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ በምታዝበት የኮምፒውተር ጨዋታ፣ የጠላት አጃቢ መርከብ ሰርጓጁን ከስንት ርቀትና በምን መሣሪያ እንደምታገኘው እንዴት ይፈተሻል? ከጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞች የመጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከታች አሉ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ አጃቢዋ አንዳንዴ ከሩቅ ትነቃብኛለች፣ አንዳንዴ ደግሞ በላዬ አልፋ ትሄዳለች። ጨዋታው ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም፤ የምትለካው በዘመቻ መሀል ስለሆነ ነው። እዚያ ነፋሱም፣ የባሕረኞቹ ችሎታም፣ ያንተ ፍጥነትም በአንድ ጊዜ ይለዋወጣሉ፤ የትኛው እንዳስነቃት በምን ታውቃለህ? ሚሽን ኤዲተሩን፣ ማለትም የራስህን ተልእኮ (ሚሽን) የምታዘጋጅበትን ፕሮግራም፣ ክፈትና ጥልቅ ውሃ ባለበት የአትላንቲክ ክፍል አንዲት አጃቢ ብቻ አስቀምጥ። ሁለት ከሆኑ ማን ቀድማ እንዳገኘችህ መለየት አትችልም። የባሕረኞቹን ደረጃ ራስህ ምረጥ፤ መካከለኛው ለመነሻ ይሻላል። ነፋስ 0፣ ጭጋግ የሌለበት ቀን። መንገዷን ቀጥ አድርገህ አስምር፣ ፍጥነቷ 10 ኖት ይሁን፣ ሰርጓጁን ከፊቷ 3,000 ሜትር ላይ አቁመው። 10 ኖት በሰከንድ ከ5 ሜትር ጥቂት ስለሚበልጥ አንዱ ዙር ወደ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ከመስመሯ የወጣችበትን ወይም ፍጥነት የቀየረችበትን ርቀት ጻፍ። ቢሰለችህም ጊዜ ማፋጠኛውን አትንካው፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ስሌቱ እየዘለለ ልኬትህን ሊያበላሽብህ ይችላል።

አንዴ ከነቃች በኋላ ያ ዙር አብቅቷል። የነቃች መርከብ ላይ ሁለተኛ ልኬት መውሰድ የተቀሰቀሰ ውሻ ንቁ ነው አይደለም ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ያየችኝን ከሰማችኝ በምን ልለየው?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። አጃቢዋ አራት ነገር አላት፦ ዓይን፣ ራዳር፣ ጆሮ ማለትም ሃይድሮፎን፣ እና ድምፅ ልካ ማሚቶውን የምትጠብቅበት ሶናር። ፈተናው ሦስቱን አፍኖ አንዱን ብቻ መተው ነው።

ዓይንና ራዳር የሚያገኙት ከውሃ በላይ ብቅ ያለውን ነው። ስለዚህ ፔሪስኮፑን አውርደህ 40 ሜትር ግባ፤ ሁለቱም ከጨዋታ ወጡ። ሶናሩን ለብቻው ለመፈተን ሞተሩን አቁምና ከፊቷ ጠብቃት፤ ድምፅ ከሌለህ ጆሮዋ የሚይዘው የለም፣ ያገኘህ ማሚቶው ነው። ሞተሩ ሲቆም ጥልቀትህ የሚለዋወጥ ከሆነ 1 ኖት ላይ አድርገው። ጆሮዋን ለመፈተን ደግሞ ከሶናሩ ማዕዘን ውጣ። ሶናሩ በዋናነት ወደ ፊት ስለሚመለከት ከጎኗ በ2,000 ሜትር ሆነህ በ2፣ በ4፣ በ6 ኖት ተራ በተራ ሞክር። በትክክል ከኋላዋ ግን አትቁም፤ የገዛ ፕሮፔለሯ ጫጫታ ጆሮዋን ስለሚደፍነው ውጤቱ ያታልልሃል።

በሶናሩ ፈተና የሰርጓጁን አቅጣጫም መዝግብ። 7ሲ የተባለው የጀርመን ሰርጓጅ ዓይነት 67 ሜትር ርዝመት አለው፤ ጎኑን ከሰጠ ማሚቶው ሰፊ ነው፣ አፍንጫውን ከሰጠ ጠባብ። 0፣ 45 እና 90 ዲግሪን ለየብቻ ካልለካህ ቁጥሮችህ አይገናኙም።

ከዳንግላ፦ በ2 ኖት እየተሳብኩ እንኳ ትሰማኛለች።

ቶርፔዶ እየተሞላ ወይም ጥገና እየተሠራ እንዳይሆን። ሁለቱም ይጮኻሉ። ሚሽኑ እንደጀመረ የጸጥታ ትእዛዝ ስጥ፣ ሁለቱም ይቆማሉ።

ከቡሬ፦ ስንት ዙር ይበቃል?

ለአንድ ሁኔታ ቢያንስ 10። ያም ሆኖ 10 ጊዜ ሞክረህ አንዴም ባታገኝህ «ደንቆሮ ናት» አትበል። የማግኘት ዕድሏ ከ4 አንድ ቢሆን እንኳ 10 ጊዜ ተከታትሎ መሳቱ ከ100 ወደ 6 ጊዜ ያህል ያጋጥማል። 20 ዙር ስትሠራ ግን ይህ አጋጣሚ ከ100 አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም። እያንዳንዱን ዙር ከሚሽኑ መነሻ ጀምር፤ ጠላት አጠገብ ተቀምጦ የተከፈተ ጨዋታ የመርከቧን ሁኔታ በትክክል ላያስታውስ ይችላል።

ከእንጅባራ፦ መብራት እየጠፋ ቢያስቸግርስ?

ዙሩ አጭር ስለሆነ የሚጠፋብህ ቢበዛ 10 ደቂቃ ነው። ውጤቱን ግን በወረቀት ያዝ።

ከባሕር ዳር፦ እሺ፣ የአጃቢዋን ዓይንና ጆሮ የሚወስኑትን የጨዋታውን ፋይሎች ለመቀየርስ ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ ቅጂ አስቀምጪ። ሁለት ፋይሎች አሉ። ሲም የሚባለው የማስተካከያ ፋይል ሁሉንም መርከቦች በአንድነት ይገዛል፤ የማዕበል፣ የፍጥነትና የጫጫታ ተጽዕኖ እዚያ ነው። ላይብረሪ በሚባለው አቃፊ ያለው ኤአይ ሴንሰርስ ግን የእያንዳንዱን መሣሪያ ርቀትና ማዕዘን ይይዛል። ብዙ ሰው ሁለቱን በአንድ ቀን ነካክቶ «ተሻሻለ» ይላል፤ የትኛው እንዳሻሻለው ግን መናገር አይችልም። እንደ ቅኔ ሰሙን ከወርቁ መለየት ያስፈልጋል። አንድ ቁጥር ቀይሪ፣ 10 ዙር ሩጪ፣ ከዚያ ሌላውን። ለማዕበል ከሆነ ነፋሱን በሰከንድ 0፣ 7 እና 15 ሜትር አድርገሽ አወዳድሪ።

ከሞጣ፦ በጥልቀት ስገባ ልክ ልትደርስብኝ ስትል የምጠፋባት ለምንድን ነው?

የሶናሩ ጨረር ወደ ታች የሚደርስበት ማዕዘን ውስን ስለሆነ ነው። ጨረሩ ከአግድሙ 30 ዲግሪ ብቻ ዝቅ የሚል ከሆነና አንተ 100 ሜትር ላይ ካለህ፣ ከ173 ሜትር በቀረበች ጊዜ በላይህ ያልፋል። 180 ሜትር ላይ ከሆንክ ከ312 ሜትር ጀምሮ ትጠፋባታለህ። ስሌቱ ጥልቀትን ለማዕዘኑ ታንጀንት ማካፈል ነው። በፋይሉ ውስጥ ማዕዘኑ ከላይ ጀምሮ ከተቆጠረ 90 አግድም ነው፣ 120 ማለት ደግሞ 30 ዲግሪ ወደ ታች፤ ሳታረጋግጥ አትቀይር። በስሌት ያገኘኸው ርቀትና የለካኸው ርቀት ካልተቀራረቡ የቀየርከው ሌላ መሣሪያ ነው ማለት ነው።

ከባሕር ዳር፦ ጣና ላይ መሞከር ይቻል ነበር?

የጣና ጥልቁ ቦታ ወደ 14 ሜትር ነው፣ 7ሲ ደግሞ ከታች እስከ ማማው አናት ወደ 9.6 ሜትር። ታንኳ ይሻልሃል።

ከደጀን፦ ያው መርከብ፣ ያው ነፋስ፣ ግን ጓደኛዬ ሌላ ውጤት አገኘ።

የሚሽናችሁን ዓመት አስተያዩ። ጨዋታው ለመርከቧ መሣሪያ የሚያስታጥቃት በቀኑ መሠረት ነው። በታሪኩም እንግሊዞች 271 የተባለውን የ10 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ራዳር መርከቦቻቸው ላይ የገጠሙት በ1941 ነበር፤ ጥልቀት የሚለካው 147 የተባለው ሶናር በ1943 መጣ። አንዱ 1940 ላይ፣ ሌላው 1943 ላይ ከሠራ የለካችሁት አንድ ዓይነት መርከብ አይደለም። ቀኑን አስተካክላችሁ 10 ዙሩን ድገሙት።