እናቴን ፖምፔ ልውሰዳት ወይስ ሌላ ቦታ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በሚያዝያ ወር ከእናቴ ጋር ሮም አራት ቀን እንቆያለን። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ከአራቱ ቀናት አንዱን የጥንት ሮማውያን ከተማ ለማየት አስበናል። ያማከርኩት ሰው ሁሉ «ፖምፔን ሳታዪ እንዳትመለሺ» ይለኛል። በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል? እውነቱን ልናገርና፣ ፍርስራሽ ስጎበኝ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድንጋዩ ሁሉ አንድ ይሆንብኛል። ምኑን ልየው?

መልስ፦ ይቻላል ልጄ፤ ግን ይቅርብሽ።

ከሮም እስከ ኔፕልስ ፈጣኑ ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ይወስዳል። ከዚያ ቬሱቪየስ የሚባለውን የእሳተ ገሞራ ተራራ ግርጌ ይዞ የሚሄደው የአካባቢው ባቡር ሌላ 35 ደቂቃ ያህል አለው፤ መቀመጫ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው። ጥበቃውንና ባቡር መቀየሩን ስትጨምሪበት፣ እናትሽ በሩ ላይ ሲደርሱ የቀኑን ጉልበታቸውን ጨርሰዋል። የሚጠብቃቸው ደግሞ 66 ሄክታር ላይ የተዘረጋ፣ ሁለት ሦስተኛው ያህል ተቆፍሮ የወጣ፣ ጥላ የሚባል ነገር የተነፈገው ከተማ ነው። በቀን ከ20,000 በላይ ጎብኚ እንዳይገባ ገደብ መጣሉ ብቻውን ግፊያውን ይነግርሻል።

እኔና ባለቤቴ የሄድነው በጁላይ አጋማሽ ነበር፤ ያለ ባርኔጣ፣ በአንዲት ጠርሙስ ውሃ። እኔማ ጭራሽ ልሙጥ የቆዳ ጫማ አድርጌ ነበር። የዚያ ከተማ የንጣፍ ድንጋይ በሰው እግር ተልጎ እንደ መስታወት ሆኗል። ሁለት ጊዜ ተንሸራተትኩ፤ በሁለተኛው ባለቤቴንም ይዤ ልወድቅ ነበር። ዛሬም ስለ ፖምፔ ስትጠየቅ የምታስታውሰው የሰው ጀርባ ነው።

ፖምፔን ማናናቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ79 ቬሱቪየስ ፈንድቶ ከተማዋን ከነዳቧ ቀበራት። በአንድ መጋገሪያ ምድጃ ውስጥ 81 የከሰሉ ዳቦዎች ተገኝተዋል። በ1863 የቁፋሮው ኃላፊ ጁዜፔ ፊዮሬሊ ሬሳዎቹ በአመዱ ውስጥ የተዉትን ክፍተት በጀሶ ሞልቶ የሰዎቹን መልክ አወጣ። ለጉልበት ሕመምተኛና ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች መንገድም ተበጅቷል። ኔፕልስ ማደር ከቻላችሁ ሂዱ። ከሮም ደርሶ መልስ ከሆነ ግን ኦስቲያ አንቲካ ይሻላችኋል።

ኦስቲያ ማለት አፍ ማለት ነው፤ የቲቤር ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት አፍ። የሮም ወደብ ነበረች። ፒራሚዴ በሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ወርዳችሁ አጠገቡ ካለው ከፖርታ ሳን ፓውሎ ጣቢያ ባቡር ትይዛላችሁ፤ ግማሽ ሰዓት ነው። የከተማው ተራ ትኬት ይበቃል፤ እኔ ስሄድ 1 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ከፍያለሁ። ከባቡር ወርዳችሁ በእግረኛ ድልድዩ ተሻግራችሁ ጥቂት ደቂቃ መራመድ ነው። ሰኞ ዝግ ነው፤ ይህንን እንዳትረሺ። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያው ነጻ ስለሆነ ሕዝብ ይበዛል።

ኦስቲያ በአንድ ቀን የሞተች ከተማ አይደለችም። ወደቡ በደለል ተሞላ፣ ሰዉ ቀስ በቀስ ለቀቀ፣ እብነ በረዱ እየተነቀለ ተወሰደ። በ1557 በደረሰው ጎርፍ ወንዙ ራሱ አቅጣጫውን ቀየረ። ባሕሩም ዛሬ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቋል። አብዛኛው ክፍል የተቆፈረው ከ1938 እስከ 1942 ነው፤ ጣሊያን በ1942 ልታዘጋጅ ላሰበችው የዓለም ኤግዚቢሽን ተብሎ በጥድፊያ። ኤግዚቢሽኑ በጦርነቱ ምክንያት ቀረ፤ ከተማዋ ግን ወጣች።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። 31 ዓመት የግንባታ ፎርማን ሆኜ ሠርቻለሁና መፍትሔዬ የዚያ ሙያ ነው፤ ቀና ብለሽ ሳይሆን ዝቅ ብለሽ እዪ። ግድግዳውን ተዪና የበሩን ደፍ እዪ። ደፉ ላይ ረጅም ቦይ ተቦርቡሮ በአንዱ ጫፍ ብቻ ክብ ቀዳዳ ካለው ሱቅ ነው። ባለሱቁ ማታ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ በቦዩ እያስገባ ይደረድራቸውና፣ በመጨረሻ በቀዳዳው ላይ የምትዞረውን ጠባብ በር ይዘጋል። ቦይ ከሌለ፣ ቀዳዳው ግራና ቀኝ ከሆነ፣ የቤት በር ነው። ይህችን ካወቅሽ በዋናው ጎዳና ላይ ስትሄጂ «ሱቅ፣ ሱቅ፣ ቤት፣ ሱቅ» እያልሽ ትቆጥሪያለሽ። ድንጋዩ አንድ መሆኑ ያኔ ያበቃል።

ዋናው ጎዳና ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ጎርበጥባጣ ስለሆነ፣ እናትሽን በዳር በኩል ባለው አፈር ላይ ምሪያቸው። ጥዶች አሉ፤ እየቆማችሁ እረፉ። ቲያትሩ ጋ ስትደርሱ እሳቸው ከታች ይቀመጡ፤ አንቺ ወደ ላይ ውጪ። ከቲያትሩ ጀርባ የነጋዴዎቹ አደባባይ አለ፤ ዙሪያውን 60 ያህል ትንንሽ ክፍሎች። በየደጃፋቸው በጥቁርና ነጭ ጠጠር የተሠራ ሥዕል አለ፦ መርከብ፣ የባሕር መብራት ማማ፣ የእህል መስፈሪያ። ከሊቢያዋ ሳብራታ የመጡት ነጋዴዎች ደጃፍ ላይ ዝሆን አለ። ማንበብ ለማይችልም ምልክቱ ይበቃል። እናትሽ ደረጃ ሳይወጡ ይህን በእግራቸው ዞረው ማየት ይችላሉ፤ ለእኔ ከከተማዋ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ከዚያ ወደ ወፍጮ ቤቱ። በወገብ የጠበቡት የላይኛዎቹ ድንጋዮች እስከ ዛሬ ቆመዋል። እዚህም ወለሉን እዪ፤ እንደ ጎዳናው በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ቤት ውስጥ የጎዳና ንጣፍ ለምን? ወፍጮውን የሚያዞረው አህያ ወይም ፈረስ ነበርና፣ ሌላ ወለል ሰኮናውን አይችለውም። ያንን ወለል ያነጠፈውን ግንበኛ ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር። በአቅራቢያው የምግብና የመጠጥ ቤቱ አለ፤ ባንኮኒው፣ ዕቃ ማጠቢያ ገንዳው፣ በግድግዳው ላይ የተሣለው ምግብ ሳይቀር ይታያል። ከፎረሙ፣ ማለትም ከከተማዋ ዋና አደባባይ፣ አጠገብ የሕዝብ መጸዳጃው ይገኛል፤ ሃያ ያህል መቀመጫ፣ መካከሉ ግርዶሽ የሌለው። ጎብኚ ሁሉ ተቀምጦበት ፎቶ ይነሣል። እናትሽ እንቢ ቢሉ አትጫኛቸው።

የአይሁድ ምኩራብ በከተማዋ ዳርቻ ነው። በ1961 ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚሄድ መንገድ ሲሠራ የተገኘ ነው። ለጉልበታቸው ሩቅ ነውና ዝለይው።

በምትኩ ከፍርስራሹ ስትወጡ መንገዱን ተሻግራችሁ ሳንታ አውሬያ የምትባለው ቤተ ክርስቲያን ግቡ። የቤተ ክርስቲያን ሊቁ የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካ በ387 ወደ አፍሪካ የሚመልሳቸውን መርከብ ሲጠብቁ በዚህች ከተማ በ56 ዓመቷ አረፈች። ከመታመሟ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ እናትና ልጅ የአትክልት ቦታ በሚያሳይ መስኮት ላይ ተደግፈው ብዙ እንደተጫወቱ ልጇ ራሱ ተርኮታል። በ1945 ልጆች በቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ ለጨዋታቸው ጉድጓድ ሲቆፍሩ የመቃብሯ ጽሑፍ ስባሪ ወጣ። ዛሬ ውስጥ አለ። አግዳሚ ወንበርም አለ።

ጥያቄ፦ እኔ ኦስቲያ ሄጄ መጥቻለሁ። አንዳንዱ ግድግዳ እንደ ዓሣ መረብ በሰያፍ የተደረደሩ ትንንሽ ድንጋዮች አሉት። ለጌጥ ነው?

መልስ፦ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ፊታቸው አራት ማዕዘን ነው፤ ጀርባቸው ግን እንደ ጥፍር እየሾለ ይሄዳል። ሹሉ ጫፍ ከኖራና ከእሳተ ገሞራ አሸዋ በተቦካው ሙሌት ውስጥ ይሰካል። ያ አሸዋ ከኖራ ጋር ሲዋሐድ ውሃ ውስጥ እንኳ ይጠነክራል። ድንጋዩ በአንድ ልክ ስለሚጠረብ ሥራው ይፈጥናል፤ እንደ እኔ ግምት ዋናው ምክንያት ፍጥነቱ ነው፤ ተቋራጭ በየዘመኑ ያው ነው። የዘመኑ አርክቴክት ቪትሩቪየስ ግን መረቡ ውብ ቢሆንም በቀላሉ ይሰነጠቃል ብሎ ጽፏል። እውነቱን ነው፤ መጋጠሚያዎቹ ቀጥ ያለ ሰያፍ መስመር ስለሚሠሩ ስንጥቁ የሚሄድበት መንገድ ተዘጋጅቶለታል። ኋላ ላይ በመረቡ መካከል የጡብ ቀበቶ ማስገባት የጀመሩበትን ምክንያት ከዚህ ትረዳዋለህ። ፎቶህን አጉላና ቀበቶውን ፈልግ።

ጥያቄ፦ ከሞዛይኩ፣ ከጠጠር ሥዕሉ፣ የወደቀች አንዲት ጠጠር ለማስታወሻ ብወስድ ምን ጉዳት አለው? መሬት ላይ ነበረች።

መልስ፦ በጣሊያን ሕግ ወንጀል ነው። ፖምፔ ውስጥ ስባሪ የወሰዱ ሰዎች ከዓመታት በኋላ «ከወሰድኩ ወዲህ መከራ ተከታተለብኝ» የሚል ደብዳቤ ጨምረው በፖስታ ይመልሳሉ፤ የአስተዳደሩ ሰዎች እነዚህን ደብዳቤዎች ለእይታ እስከማቅረብ ደርሰዋል። «ብወስድ» ብለህ ጀምረህ «መሬት ላይ ነበረች» ብለህ ጨርሰሃል። ኪስህ ውስጥ ካለች ዛሬውኑ በፖስታ ላካት፤ ደብዳቤ አያስፈልግም።